ስለ ውርርድ አፕ ጠይቁኝ፦ ከጅማ፣ አራት ዓመት ትኬት የቆረጠ መምህር ይመልሳል

ሰላም ለሁላችሁ። ለማታውቁኝ፦ እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ አንድ የስፖርት ውርርድ ቤት ውስጥ አራት ዓመት ትኬት ቆርጫለሁ። አሁን ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ አስተምራለሁ። ያኔ ሰው ብሩን ይዞ እኔ ያለሁበት መስኮት ድረስ ይመጣ ነበር፤ ዛሬ መስኮቱ ስልካችሁ ውስጥ ገብቷል፣ ሌሊትም አይዘጋም። እስከ 4 ሰዓት እመልሳለሁ። አስቀድሜ ሁለት ነገር፦ የቴሌብር ፒን ለማንም አይሰጥም። የተበላ ብር በሌላ ትኬት አይመለስም።

የአጂፑ ልጅ፦ ቲቸር፣ ዛሬ ማታ ምን ይሻላል? አንድ ሹር ነገር ስጠን።

ግምት አልሰጥም። ቀጣይ።

የኮቺው ባጃጅ ሹፌር፦ ኦድ ግን በትክክል ምንድን ነው? እኔ የማውቀው ትልቅ ከሆነ ብዙ ብር እንደሚበላ ብቻ ነው።

ይኼ ነው ጥያቄ። ኦድ ዋጋ ነው፤ ግምትህ ሲሳካ ያስያዝከው ብር የሚባዛበት ቁጥር። ሱቅ ሄደህ ስኳር ስትገዛ ነጋዴው ትርፉን ከኪሎው ዋጋ ላይ እንደሚያስቀምጠው፣ ውርርድ ቤቱም ትርፉን ኦዱ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ስኳሩ ላይ የምትከፍለው ይታይሃል፣ ኦዱ ላይ ግን የሚቆረጥብህ አይታይህም።

ሳንቲም ወርውር። አንበሳ ወይም ሰው፣ እኩል ዕድል ነው። ትክክለኛው ኦድ 2.00 ነው፤ 100 ብር ብታስይዝ 200 ይዘህ ትመለሳለህ። አሁን አፑን ክፈትና ሁለቱ ወገን እኩል የተገመተበትን «ከ2.5 ጎል በላይ» (ሦስትና ከዚያ በላይ) እና «ከ2.5 ጎል በታች» (ሁለትና ከዚያ በታች) ፈልግ። 1.85 እና 1.85 ብሎ ታገኘዋለህ እንበል። ስትበላ 85 ብር ታተርፋለህ፣ ስትበላ ደግሞ 100 ብርህ ይሄዳል። (ሁለቱን «ስትበላ» ለይታችሁ አንብቡልኝ፦ አንዱ ይላላል፣ አንዱ ይጠብቃል።) ሳትከስር ሳታተርፍ ለመቆየት ብቻ ከ100 ጊዜ 54 ጊዜ ገደማ በትክክል መገመት አለብህ።

ሦስት ውጤት ባለበትም ያው ነው። ባለሜዳው 2.10፣ አቻ 3.30፣ እንግዳው 3.40 ቢል፣ 100ን ለእያንዳንዱ አካፍል፦ 47.6፣ 30.3፣ 29.4። ደምረው፤ 107.3 ይመጣል። የዓለም ዕድል ሁሉ ተደምሮ 100 ነው። ያ 7.3 የቤቱ ነው። ጨዋታው በማንም አሸናፊነት ቢያልቅ፣ ካስያዛችሁት ከእያንዳንዱ 100 ብር በአማካይ 93 ገደማ ብቻ ነው የሚመለሰው።

አሁን ወደ እናንተ ትኬት ልምጣ። መስኮቱ ጋ ከሚመጣው ሰው አንድ ጨዋታ ብቻ የሚቆርጥ እምብዛም ነበር። ሁሉም አስር፣ አስራ አምስት ጨዋታ ይደረድራል። አንድ ጨዋታ ላይ ከመቶ 93 ከተመለሰ፣ ሁለት ስትደርብ 93 በመቶው እንደገና በ93 በመቶ ይባዛል። አምስት ጨዋታ ላይ 70 ብር ገደማ ይቀራል። አስር ላይ 48። አስራ አምስት ላይ 34። ስለዚህ አስር ጨዋታ የደረደረ ሰው ትኬቱን ሲቆርጥ ኳስ ሳይነካ ግማሽ ብሩን ሰጥቷል።

ምሳሌ፦ አስር «የተረጋገጡ» ጨዋታዎች፣ እያንዳንዳቸው 1.40። ሲባዙ 29 እጥፍ ይከፍላል፤ 100 ብር 2,900 ይሆናል፣ ያምራል። በዚያው በ93ቱ ሒሳብ ግን ያ ትኬት የሚሳካው ከ60 ጊዜ ገደማ አንዴ ነው። 60 ጊዜ 100 ብር 6,000 ብር ነው። 6,000 ሰጥተህ 2,900 መቀበል ማለት ነው። «በአንድ ጨዋታ ተቃጠልኩ» የምትሉት ለዚህ ነው። ዕድላችሁ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ትኬቱ የተሠራው በአንድ ጨዋታ እንዲቃጠል ነው።

የቂጦ ፉርዲሳው ተማሪ፦ መምህር፣ ሒሳቡ ልክ ነው፤ ግን ኳስ የሚያውቅ ሰው ከቤቱ የተሻለ ሊገምት አይችልም? እኔ ፕሪሚየር ሊጉን አንድም ጨዋታ አላመልጥም።

በመርህ ደረጃ ይችላል። ግን ኦዱን የሚያወጡት ከአንተ በላይ መረጃ ያላቸው ናቸው፤ የተጎዳ ተጫዋች ዜና ለአንተ ሲደርስህ ኦዱ ቀድሞ ተቀይሯል። እችላለሁ ካልክ ፈተናው ቀላል ነው፦ ብር ሳታስይዝ 200 ግምት ደብተር ላይ ጻፍ፣ ከነኦዱ፣ ከጨዋታው በፊት። የተበላኸውንም ጻፍ። ጨርሰህ አሳየኝ። ይህን ያልኩት ለብዙ ሰው ነው፤ ደብተሩን ይዞ የመጣ ግን እስካሁን አላየሁም።

የጅሬኑ፦ የእንግሊዙ ክለብ ሌስተርስ? 5,000 ለ1 ተሰጥቶት ዋንጫ በላ አይደል?

የአጂፑ ልጅ፦ ሌስተርን ተውት፤ የራሳችን ክለብ ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ከታች ባደገበት ዓመት የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ሲያነሳ ማን ገመተ? ያኔ ያስያዘ ቤት ይሠራ ነበር።

የጅሬኑ፦ አንተ ያኔ ስታዲየም ገብተህ ታውቃለህ? እኔ ዝናብ ላይ ቆሜ ነው ያየሁት!

አባ ጅፋርን ሁላችንም እንወዳለን፣ ጥያቄው ግን እሱ አይደለም። ያልተጠበቀ ነገር ይሆናል። ከመሆኑ በፊት የትኛው እንደሚሆን ማወቅ ሌላ ነው። ቀጣይ።

ከመንደራ፦ አቪየተርን (አውሮፕላኗ ስትበር ቁጥሩ የሚጨምርበትን፣ ሳትጠፋ መውጣት ያለብህን የስልክ ጨዋታ) የሚተነብይ አፕ በ1,500 ብር ይሸጣል። ጓደኛዬ ገዝቶ ሁለት ቀን ሠርቶለታል። እውነት ነው?

ውሸት ነው። አውሮፕላኗ የምትጠፋበት ቁጥር የሚቀመረው ከድርጅቱ ሰርቨር ከሚመጣ የተሰወረ ቁጥርና በዚያ ዙር መጀመሪያ ካስያዙት ሦስት ተጫዋቾች ከሚመጣ ቁጥር ነው። ዙሩ ከመጀመሩ በፊት ያ ቁጥር የትም የለም። የሌለን ነገር የሚያነብ አፕ የለም። «ሁለት ቀን ሠራ» ማለት ዝቅ ያለ ቁጥር ነግሮት ወጣ ማለት ነው፤ በ1.20 ውጣ ብሎ ለሕፃን ብትነግረውም አብዛኛውን ጊዜ ይሳካል።

ጨዋታው ከሚያስይዙት 97 በመቶ ይመልሳል ይባላል፤ ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ «ከኳሱ ይሻላል» ይላል። ልዩነቱ ፍጥነቱ ነው። የኳስ ትኬት ሁለት ሰዓት ይጠብቃል፤ ይቺ በደቂቃ ውስጥ ዙር ትጨርሳለች። 100 ብር አስገብተህ ያንኑ ብር 50 ጊዜ ብታዞረው፣ በአማካይ የሚቀርህ 22 ብር ነው። ሃምሳ ዙር ደግሞ አንድ የቡና ሥርዓት ሳያልቅ ይጠናቀቃል።

ያንን «ተንባይ» የጫነ ጓደኛህን አሁኑኑ ደውልለት። የኤስኤምኤስ ማንበቢያ ፈቃድ ሰጥቶት ከሆነ የባንክ መልእክቱን ሁሉ እያነበበለት ነው። ፒኑን ዛሬ ይቀይር። ፒን ለማንም አይሰጥም ያልኩት ለአፕም ጭምር ነው።

ሱቅ ያለኝ፣ ሄርማታ፦ ከበላሁት ላይ ግብር ለምን ተቆረጠ?

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ከዕድል ጨዋታ ገቢ ላይ 15 በመቶ ጥሎ፣ ከ1,000 ብር በታች የሆነውን ነጻ አድርጎ ነበር። ቆርጦ የሚያስገባው ከፋዩ ነው። ትኬትህ ላይ ተጽፏል፣ አንብበው።

የአጂፑ ልጅ፦ እሺ ግምት አትስጥ፤ የማታውን ጨዋታ ብቻ፣ ኦቨር (በላይ) ነው አንደር (በታች)?

ወንድሜ፣ ሁለተኛህ ነው። ሦስተኛ ጊዜ ከጠየቅከኝ አልመልስልህም።

ከቦሳ ቂጦ፦ ቴሌግራም ላይ ፊክስድ (ውጤቱ አስቀድሞ ተወስኗል የሚባል) ጨዋታ የሚሸጥ ሰው አለ። ሦስት ጊዜ በነጻ ላከልኝ፣ ሦስቱም ልክ ሆነ። አሁን 2,000 ብር ጠየቀኝ። ሦስት ጊዜ እንዴት በአጋጣሚ ይሆናል?

ሰውየው ለ900 ሰው ይልካል። ለ300ው ባለሜዳው ያሸንፋል፣ ለ300ው አቻ፣ ለ300ው እንግዳው። ጨዋታው ሲያልቅ 300 ሰው ጋ ትክክል ነው። የተሳሳተባቸውን ይተዋቸዋል። እነዚያን 300 እንደገና በሦስት ይከፍላል፤ 100 ይቀራሉ። እንደገና፤ 33 ይቀራሉ። እነዚያ 33 ሰዎች ሦስት ጊዜ ተከታትሎ የገመተ ነቢይ አገኙ። አንተ ከ33ቱ አንዱ ነህ። ሁሉም ከከፈሉ 66,000 ብር ነው፣ አንድም ኳስ ሳያይ። ውጤቱን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ራሱ ያስይዛል እንጂ በ2,000 ብር አይሸጥልህም።

ሐጂ፣ መርካቶ፦ ይኼ ሁሉ ሒሳብ ምን ያስፈልጋል? ቁማር ሐራም ነው፣ በቁርኣን ከኸምር (ከአስካሪ መጠጥ) ጋር አብሮ ተከልክሏል። አለቀ።

የኮቺው ባጃጅ ሹፌር፦ ሐጂ፣ ልክ ነዎት፣ ግን ቀኑን ሙሉ ሠርቼ ለባለቤቱ ገቢ አድርጌ የሚተርፈኝ ምሳ ብቻ ነው። በ20 ብር ተስፋ መግዛት ይከለከላል?

የአጋሮው ቡና ነጋዴ፦ የ20 ብር ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ቡና በተሸጠ ሰሞን የገበሬው ልጅ የዓመቱን ብር በአንድ ሳምንት ሲጨርስ አይቻለሁ። አባቱ ለማዳበሪያ ተበደረ።

ሐጂ፣ መርካቶ፦ ያልኩት ይኼንኑ ነው።

ሐጂ፣ እግዚአብሔር ያክብርዎ፣ እምነቱ ላይ እኔ መልስ ሰጪ አይደለሁም። ባጃጅ ሹፌሩ ግን ያለው ልቤን ነክቶታል፤ በመስኮቱ ያየሁት አብዛኛው ሰው ስስታም አልነበረም፣ ደክሞት ነበር። ወንድሜ፣ በቀን 20 ብር በወር 600 ነው። በጓደኞችህ ዕቁብ ውስጥ ብታስገባው በአሥር ወር 6,000 ሙሉውን እጅህ ላይ ይመጣል፤ ከላዩ የሚቆርጥ የለም።

ከቤቾ ቦሬ፦ 100 በመቶ ቦነስ ይሰጣሉ። 500 ሳስገባ 500 ጨመሩልኝ። ይኼስ ነጻ አይደል?

ደንቡን አንብበሃል? «ቦነሱን አሥር ጊዜ ማስያዝ፣ ቢያንስ ሦስት ጨዋታ በአንድ ትኬት» የሚል ከሆነ፣ 5,000 ብር ማዞር አለብህ። ሦስት ጨዋታ ላይ የቤቱ ድርሻ 20 በመቶ ገደማ ነው፤ ከላይ ያለውን ሒሳብ ተመልከት። ከ5,000 ላይ 1,000 ገደማ። 500 ለማግኘት 1,000 ትከፍላለህ።

ከጊንጆ ጉዱሩ፦ ሳሸንፍ መነሻዬን፣ ስሸነፍ ደግሞ እጥፍ አድርጌ አስይዛለሁ። አንድ ቀን መብላቴ አይቀርም፣ ሁሉም ይመለሳል።

ይኼ የድሮ መንገድ ነው። በ10 ብር ጀምረህ አሥር ጊዜ ተከታትሎ ከሄደብህ 10,230 ብር ወጥቷል። አሥራ አንደኛው ትኬት 10,240 ይጠይቃል፣ ያውም 10 ብር ለማትረፍ። 37 ቁጥር ባለው ሩሌት (ኳስ የሚሽከረከርበት የቁማር ጎማ) ቀይ ወይም ጥቁር ላይ እያስያዙ አሥር ጊዜ ተከታትሎ መበላት ከ800 ጊዜ ገደማ አንዴ ይመጣል፤ በየቀኑ ለሚያሽከረክር ሰው ያ ቀን ሩቅ አይደለም። የተበላ ብር በሌላ ትኬት አይመለስም።

ከአጂፕ፣ ሌላ ሰው፦ በዶላር የሚከፍል የውጭ ካሲኖ አፕ አለ፣ ይሻላል?

እዚህ አገር ፈቃድ የሌለው ከሆነ ብርህን ሲከለክልህ የምትከሰው የለም። አይሻልም።

ከመንቲና፦ አፑን ከፕሌይ ስቶር አላገኘሁትም፤ ሰዎች ሊንክ ልከውልኛል፣ ልጫነው?

ጎግል የቁማር አፕ የሚፈቅደው በተወሰኑ አገሮች ብቻ ስለሆነ ብዙዎቹ በኤፒኬ ፋይል (ከፕሌይ ስቶር ውጭ በሚጫን ፋይል) ይመጣሉ። ሌቦቹም ያንን ያውቃሉ። ሰው የላከልህን ሊንክ አትጫን። ሲጫን መልእክት ማንበቢያ ወይም ተደራሽነት የሚባለውን (ስክሪንህን ማየትና መንካት የሚያስችለውን) ፈቃድ ከጠየቀ አቁም፤ ለትኬት መቁረጫ አያስፈልገውም። ዕድሜህ 21 ካልሞላ ደግሞ ጥያቄው እዚህ ላይ ያበቃል።

የአጂፑ ልጅ፦ ቲቸር…

አልመልስም አልኩ።

እናት፣ ከጊንጆ፦ ልጄ፣ እኔ ስለ ኦድ አላውቅም። ልጄ ሦስተኛ ዓመት ነው። የምልክለትን የምግብ ብር ሁለት ጊዜ በዚህ ጨረሰው። ላፕቶፑን ሸጠ። አሁን ክፍል አይሄድም፣ አይበላም፣ ግድግዳ እያየ ነው የሚውለው። ብድሩን ልክፈልለት?

እማማ፣ ከመጣው ጥያቄ ሁሉ የእርስዎን ነው ስጠብቅ የነበረው። ብሩን በእጁ አይስጡት፤ አበዳሪው ጋ ራስዎ ይሂዱ፣ ምግቡንም በቀጥታ ለሚመግበው ቤት ይክፈሉ። አይስደቡት፤ ያፈረ ልጅ ብሩን ለማስመለስ ተደብቆ ይጫወታል፣ ይኼን በመስኮቱ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ከአፑ ላይ አካውንቱን ራሱ እንዲዘጋ ያድርጉ፣ እርስዎ አጠገቡ ቁጭ ብለው።

አለመብላቱና ግድግዳ ማየቱ ግን ከብር በላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ቁማር አለማቆምን በበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል፤ ስንፍና አይደለም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሥነ አእምሮ ክፍል አለው። ሰኞ ጠዋት ይዘውት ይሂዱ፣ «መኖር ሰልችቶኛል» የሚል ቃል ከወጣው ግን ሰኞን አይጠብቁ፣ ዛሬ ማታ ይውሰዱት።

ነገ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ እኔም ቤት ነኝ። ስልኬን በግል ልኬልዎታለሁ። ልጁ ፈቃደኛ ከሆነ የሦስት ወር የቴሌብር ዝርዝሩን ይዞ ይምጣ፤ ያስገባውንና ያወጣውን አብረን እንደምራለን። እኔ አልቆጣውም።