ሌንሱን ከመቀየር ርቀቱን መቀየር፦ የግቢ ወፎችን በ250 ሚሊ ሜትር ሌንስ ማንሳት

አንድ ጠያቂ ከአዲስ አበባ ጽፈውልኛል። ለካኖን 700ዲ ካሜራቸው ከ55 እስከ 250 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ያገለገለ ሌንስ ገዝተው፣ በግቢያቸው የሬት አበባ ላይ የሚያርፉትን ወፎች ከበረንዳ ሆነው ያነሳሉ። ነገር ግን ወፎቹ ትንንሽና ብዥ ያሉ፣ አንዳንዶቹም ጥቁር ጥላ ብቻ ሆነው ወጡባቸው። ሌንሱን ሸጠው ባለ 600 ሚሊ ሜትር ይግዙ እንደሆነ ይጠይቃሉ።

አይሽጡት። የገለጹልኝ ምልክቶች ከርቀት፣ ከሹተር ፍጥነት (ካሜራው ብርሃን ለማስገባት ተከፍቶ ከሚቆይበት ጊዜ) እና ከብርሃን አቅጣጫ የሚመጡ ናቸው፤ እነዚህ ሳይስተካከሉ ቢቀሩ ትልቁም ሌንስ ያንኑ ብዥታ አጉልቶ ያሳይዎታል።

በካሜራዎ ላይ የተገጠመ 250 ሚሊ ሜትር ሌንስ በ10 ሜትር ርቀት የሚያየው ወርድ ወደ 89 ሴንቲ ሜትር ነው። 15 ሴንቲ ሜትር የምትረዝም ወፍ ከዚህ ውስጥ የምትይዘው አንድ ስድስተኛውን ነው። ርቀቱ ወደ 4 ሜትር ሲያጥር ግን ወርዱ ወደ 36 ሴንቲ ሜትር ይጠብና ያችው ወፍ ከፎቶው ወርድ ከ40 በመቶ በላይ ትሞላለች። ባለ 600 ሚሊ ሜትር ሌንስ በ10 ሜትር ርቀት የሚሰጥዎት ከዚህ የተለየ አይደለም። ስለዚህ ሊያወጡት ያሰቡት ገንዘብ የሚገዛልዎት ያችን የ6 ሜትር ልዩነት ነው፤ እርሷን ደግሞ ያለ ገንዘብ ማግኘት ይቻላል።

ወፏን ግን ተከትለው አይቅረቧት። ቤትዎን መደበቂያ አድርገው እርሷ እንድትመጣ ያመቻቹ። ወፍ የሚያስደነግጣት ከሁሉ ይልቅ የሚንቀሳቀስ የሰው ቅርጽ ስለሆነ፣ በረንዳውን ትተው ከመስኮቱ በስተጀርባ ይቀመጡ፤ መጋረጃውን ሌንሱ እስኪወጣ ብቻ ይክፈቱት። መስታወቱን መክፈት አይርሱ፤ በተለይ በሰያፍ ሲያነሱበት መስታወት የምስሉን ጥራት በግልጽ ይቀንሳል። ሌንሱን የሚያሳርፉበት ሁለት ኪሎ ያህል ሽንብራ ወይም ባቄላ የያዘ የጨርቅ ከረጢት በመስኮቱ ደፍ ላይ ያስቀምጡ፤ ለዚህ ሥራ እኔ ከትራይፖድ አስበልጠዋለሁ።

ከመስኮቱ 4 ሜትር ያህል ርቆ፣ ሦስት ጣት የማይሞላ ውኃ ያለበት ዝርግ የሸክላ ሳህን ያኑሩና መካከሉ ላይ ድንጋይ ያስቀምጡበት፤ ከጎኑም አንድ ደረቅ ቅርንጫፍ ይትከሉ። ወፎች ውኃው ላይ ከመውረዳቸው በፊት አካባቢውን የሚቃኙበት ማረፊያ ይፈልጋሉ፤ ፎቶዎን የሚያነሱትም እዚያ ቅርንጫፍ ላይ ነው። ከቅርንጫፉ ጀርባ ያለው አጥር ወይም ተክል ስድስት ሰባት ሜትር ቢርቅ፣ በዚህ ርካሽ ሌንስም ቢሆን የኋላው ገጽታ ለስልሶ ይጠፋል። በበጋ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት፣ ውኃ ከእህል ይልቅ ይስባቸዋል። ውኃውን በየቀኑ ይቀይሩ፤ ድመት ሊያደባ ከሚችልበት ቁጥቋጦም ያርቁት። ጎጆ የሠራች ወፍ ካዩ ግን እባክዎ አይቅረቧት፤ ደንግጣ ትታው ከሄደች እንቁላሉ ይቀዘቅዛል፣ ጫጩቶቹም ይራባሉ።

ብዥታው በአብዛኛው የሹተር ፍጥነት ጉዳይ ነው። ሌንሱ ላይ ያለው ማረጋጊያ የሚያስተካክለው የእጅዎን መንቀጥቀጥ እንጂ የወፏን እንቅስቃሴ አይደለም። ትንሽ ወፍ ጸጥ ብላ የተቀመጠች ስትመስል እንኳ አንገቷን ሳታቋርጥ ታዞራለች። የሞድ መደወያውን «ቲቪ» (የሹተር ፍጥነቱን እርስዎ የሚወስኑበት) ላይ አድርገው ፍጥነቱን በሴኮንድ 1/1000 ያቁሙ፤ ለምትበር ወፍ 1/2000 እና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) አውቶ ላይ ይተዉትና ጣሪያውን 3200 ያድርጉት። ፎቶው ትንሽ ፍርፍር (እንደ አሸዋ የሚታይ ነጠብጣብ) ቢያሳይ አይዘኑ፤ ፍርፍሩን በኋላ መቀነስ ይቻላል፣ በእንቅስቃሴ የደበዘዘ ዓይን ግን በምንም አይመለስም። ፎከሱን «ኤአይ ሰርቮ» (የሚንቀሳቀስን ነገር የሚከታተለው) ላይ አድርገው መካከለኛውን ነጥብ ብቻ ይምረጡና ዓይኗ ላይ ያሳርፉት።

ጥቁር ሆኖ ስለሚወጣው ወፍ ጥቂት ልዘርዝር። ረጅምና ቆልማማ መንቁር ያለው፣ ከሬት አበባ ማር የሚመጠው ወንድ ወፍ ከሆነ፣ ምናልባት በ1814 በተሰጠው ሳይንሳዊ ስሙ የተከዜን ወንዝ ስም የያዘው ዝርያ ሊሆን ይችላል። የዚህ ወፍ ሐምራዊና ነሐስማ አንጸባራቂነት ከቀለም ብቻ የሚመጣ ሳይሆን ብርሃን በላባው ጥቃቅን አወቃቀር ላይ ሲነጥር የሚፈጠር ነው። በመሆኑም ፀሐይ ከወፉ ጀርባ ስትሆን ከሰል ይመስላል፤ ከእርስዎ ጀርባ ስትሆን ግን፣ አንገቱን ባዞረ ቁጥር ደረቱ ላይ ሐምራዊው ብልጭ ሲል ያዩታል። ስለዚህ ሳህኑንና ቅርንጫፉን ጠዋት ፀሐይ ከኋላዎ በምትመጣበት በኩል ያድርጓቸው፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ያለው ብርሃን ዝቅ ብሎ ስለሚመጣ ከሁሉም ይሻላል። ወፉ በሰማይ ፊት ወይም በሚያብለጨልጭ ቆርቆሮ ጣሪያ ፊት ካረፈ ካሜራው ተታሎ ያጨልመዋል፤ ያኔ የ«ኤቪ» ቁልፉን ተጭነው መደወያውን ወደ +1 ወይም +1.7 ያምጡ።

ሌንሱ ያገለገለ ስለሆነ ግን መፈተሹ ተገቢ ነው። ፊቱ ላይ ርካሽ ዩቪ ፊልተር (ከሌንሱ ፊት የሚገጠም መስታወት) ካለ ያውጡት፤ የደበዘዘ ሌንስ ተብሎ ወደ እኔ ከመጣው ውስጥ ጥፋቱ የፊልተሩ ብቻ ሆኖ ያገኘሁት ብዙ ነው። በስልክ መብራት ወደ ውስጥ ሲያዩ የሸረሪት ድር የሚመስል ነገር ካለ ሻጋታ ነው። ከዚያ ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ለጥፈው፣ ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ አጽንተው፣ ማረጋጊያውን አጥፍተው፣ በሰዓት ቆጣሪ ከ4 ሜትር ያንሱት፤ አንዱን በመመልከቻው ቀዳዳ፣ ሌላውን በስክሪኑ ፎከስ ያድርጉ። ሁለቱም ጥርት ካሉ ሌንሱ ጤነኛ ነው። የስክሪኑ ጥርት ብሎ የመመልከቻው ብዥ ካለ የፎከስ አሰላለፉ ተዛብቷል፤ 700ዲ ይህን ከሜኑ ማስተካከያ ስለሌለው ወደ ጠጋኝ መውሰድ ይኖርብዎታል። ያኔ ካሜራውንና ሌንሱን አንድ ላይ ይዘው ይሂዱ፤ መዛባቱ የሚለካው ሁለቱ ተገጣጥመው ሲታዩ ነውና።