በጾም እስከ 9 ሰዓት እችላለሁ፤ ዳይት ላይ ግን አቃተኝ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ፣ እትዬ። የ36 ዓመት ሴት ነኝ። ሜክሲኮ አካባቢ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ሁለት ልጆች አሉኝ። 84 ኪሎ ስደርስ ደንግጬ ጂም ገባሁ። አሰልጣኙ በወር 10 ኪሎ እንደምቀንስ ነግሮኝ የምበላውን ጻፈልኝ። ጠዋት ትኩስ ውሃ በሎሚ፣ ምሳ ሰላጣ፣ ማታ አንድ እንቁላል። ሦስት ሳምንት ሞከርኩት። 10 ሰዓት ላይ ሆዴን ይሞረሙረኛል፤ ሰው ሲያናግረኝ እነጫነጫለሁ። የታክሲ ሰልፉን አልፌ ቤት ስገባ 1 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ለልጆቹ እራት ሳቀርብ ከድስቱ ፍርፍር መብላት እጀምራለሁ፤ ማቆም አልችልም። ከዚያ አለቅሳለሁ። የሚገርመኝ ደግሞ በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት እህል ሳልቀምስ እውላለሁ፤ እንዲህ አልሆንም። ታዲያ ዳይት ላይ ለምን አቃተኝ? ራሴን መግዛት የማልችል ሰው ነኝ? ሎሚውስ ራብ ያጠፋል የሚባለው እውነት ነው?

ሀ. መ.፣ ከጀሞ

መልስ

እህቴ ሀ. መ.፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። «ከዚያ አለቅሳለሁ» ያልሽው ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። እኔም ሁለተኛ ልጄን ወልጄ ጡት ካስጣልኩ በኋላ ኪሎ ልቀንስ ብዬ ቀኑን በባዶ ሆድ እውል ነበር። ማታ ሰው ሲተኛ ወጥ ቤት ገብቼ መብራት ሳላበራ የቀዘቀዘ ሽሮ ከድስቱ በልቻለሁ። ያኔ የሥነ ምግብ ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ላይ ነበርኩ። እውቀቱ አላዳነኝም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህን ልንገርሽ፦ ራስሽን መግዛት አላቃተሽም። ተርበሻል።

እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 አሜሪካ ውስጥ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ጥናት አለ። አንሴል ኪስ የተባለ ተመራማሪ 36 ጤነኛ ወጣቶችን ለስድስት ወር ምግብ አሳንሶ ተከታተላቸው። ሁሉም በፈቃዳቸው የገቡ ናቸው። በቀን የሚያገኙት 1,600 ካሎሪ ገደማ ነበር። ውለው አድረው ከምግብ ሌላ ማሰብ አቃታቸው። ይነጫነጩ ጀመር። የምግብ አሠራር መጽሐፍ መሰብሰብ የጀመሩም ነበሩ። አንቺ የተጻፈልሽ ሰላጣና አንድ እንቁላል የዚያን ግማሽ የሚሞላ አይመስለኝም። ማታ ድስቱ ላይ የምታገኚው ራብ ማታ የመጣ አይደለም፤ ከጠዋት ጀምሮ ሲጠራቀም የዋለ ነው።

የጾሙ ጥያቄሽን ወድጄዋለሁ፤ መልሱም እዚያው ውስጥ አለ። ባዶ ሆድ ግሬሊን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። አእምሮን «ምግብ» የሚለው እሱ ነው። መብላት በለመድሽበት ሰዓት ከፍ ይላል፣ ስትበዪ ዝቅ ይላል። የዐቢይ ጾም የመጀመሪያ ሳምንት እንዴት እንደሚከብድ አስታውሺ። ከዚያ ሰውነት አዲሱን ሰዓት ይለምዳል። በዚያ ላይ ቤቱም ጎረቤቱም አብሮሽ ይጾማል፤ ቢሮ ውስጥ ኬክ የሚያዞርብሽ የለም። ከሁሉ በላይ ግን ጾም ሰዓት አለው። 9 ሰዓት ሲሆን ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን ቀርቦ እስክትጠግቢ ትበያለሽ። ያንቺ ዳይት 9 ሰዓት የለውም። ጠዋት ርቦሽ፣ በምሳም ሳትጠግቢ፣ ማታም እንደራበሽ ተኚ ነው የሚልሽ። (ይህን ስልሽ ግን ጾሙን ለኪሎ ብለሽ ያዢው ማለቴ አይደለም። ጾም የሌላ ጉዳይ ነው።)

እንግዲህ ወረቀቱን ተዪውና ከቁርስ እንጀምር። ሁለት እንቁላል በቲማቲምና በቃሪያ፣ ከትንሽ ዳቦ ጋር ብዪ። ከሁለቱ እንቁላል 12 ግራም ያህል ፕሮቲን ታገኛለሽ፤ ፕሮቲን ደግሞ ጥጋብን ያቆያል። በጾም ቀን ዘይት ያልበዛበት ፉል ይሁን። ምሳ ላይ ሰላጣው ይቅር አልልሽም፤ ብቻውን ግን ምሳ አይሆንም። ግማሽ እንጀራ በምስር ወይም በሽሮ፣ ጎመኑን በርከት አድርገሽ።

ድንች ያወፍራል ብለሽ ትተሽ ከሆነ መልሺው። እ.ኤ.አ. በ1995 ሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እኩል ካሎሪ ያላቸው 38 ምግቦች ለጥጋብ ሲወዳደሩ አንደኛ የወጣው ቅቅል ድንች ነው። ከነጭ ዳቦ ሦስት እጥፍ ያህል አጥግቧል። ቅቅል ነው ያልኩሽ፤ ጥብሱ ሌላ ታሪክ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው። ወጥ ስትሠሪ በጭልፋ የምታፈሺውን በማንኪያ ለክተሽ አድርጊው። እኔን ከምንም በላይ የረዳኝ ይሄ ነው። ማዕዱ አልቀነሰም፤ ዘይቱ ቀነሰ።

አሁን ወደ 10 ሰዓት እንምጣ፤ ዋናው ጦርነትሽ ያለው እዚያ ነው። ከቤት በትንሽ ዕቃ የሽምብራ ወይም የባቄላ ንፍሮ ይዘሽ ውጪ። ቆሎ አይደለም፣ ንፍሮ። ቆሎ ደረቅ ስለሆነ እያወራሽ እፍኝ በእፍኝ ያልቃል፤ ንፍሮ ግን ውሃ ስለጠጣ ሆድ ይሞላል። ታክሲ ሰልፍ ከመያዝሽ በፊት ብዪው። ያኔ 1 ሰዓት ተኩል ላይ የምትከፍቺው ድስት እንደ ዛሬው አይጠራሽም። ማታም ቆመሽ ከድስት አትብዪ። ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብለሽ ብዪ። ከአንድ ትሪ ስትበሉ ስንት እንደበላሽ አይታወቅም፤ ስለዚህ ፊትሽ ያለው እንጀራ ሲያልቅ እጅሽን ታጠቢ። ባለቤትሽ ቢያጎርስሽ ጉረሺ። አንድ ጉርሻ ኪሎ አይጨምርም።

ምግቡን አስተካክለሽም ከምሳ በፊት ትንሽ መራብሽ አይቀርም፤ አትፍሪው። እንዲህ ያለው ራብ ይመጣል፣ ያልፋል። የሚያነጫንጭሽና የሚያስለቅስሽ ራብ ግን ምግቡ እንዳነሰሽ ይናገራል። እንቅልፍም አትቀንሺ። ያልተኛ ሰው ይበልጥ ይርበዋል።

በወር 10 ኪሎ የሚለውን ተስፋ እርሺው። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ከቀነስሽ በጣም ጥሩ ነው። የስኳር መድኃኒት የምትወስጂ፣ ያረገዝሽ ወይም የምታጠቢ ከሆነ ግን ምንም ሳትቀይሪ ሐኪምሽን አማክሪ።

ሎሚው ራብ አያጠፋም፤ ስብም አያቀልጥም። ጣዕሙን ከወደድሽው ጠጪው። ከዚያ ቁርስሽን ብዪ።