ማታ የሚመጡት የሩቅ ጣቢያዎች ቀን የት ይሄዳሉ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ፣ ማታ ማታ ኤኤም ላይ ጣቢያ ስጎረጉር ቋንቋቸውን እንኳን የማላውቃቸው የሩቅ አገር ሬዲዮዎች ጥርት ብለው ይገባሉ፣ ጠዋት እዛው ቦታ ላይ ስከፍተው ግን ሽሽሽ ብቻ ነው። ኤፍኤም ደግሞ ቀንም ማታም ያው ነው፣ ከከተማ ወጣ ስል ጥፍት ይላል። ማታ ኃይል ይጨምራሉ እንዴ?

መልስ፦ ኧረ እንዲያውም ይቀንሳሉ! አሜሪካ ውስጥ ለምሳሌ ብዙ የኤኤም ጣቢያዎች ፀሐይ ስትጠልቅ ኃይል እንዲቀንሱ፣ አንዳንዶቹም ጭራሽ እንዲዘጉ ይገደዳሉ፣ ምክንያቱም ማታ ሞገዱ በጣም ስለሚርቅ ሌላው ጣቢያ ላይ ይደረባል።

ነገሩ ያለው ሰማይ ላይ ነው። ከ60 እስከ 90 ኪሎሜትር ከፍታ ላይ ዲ የሚሉት የአየር ንብርብር አለ፣ የሚፈጥረው የፀሐይ ጨረር ነው፣ እና ቀን ቀን ወደ ላይ የሚወጣውን የኤኤም ሞገድ ውጥት ያደርገዋል፤ ስለዚህ ቀን የምትሰማው መሬት መሬቱን ይዞ የመጣውን ብቻ ነው። ፀሐይ ስትገባ ዲ ወዲያው ይሳሳል፣ ሞገዱም አልፎ ከ200 ኪሎሜትር በላይ ያለው ኤፍ የሚባለው ንብርብር ጋ ይደርስና እንደ ኳስ ነጥሮ መሬት ይመለሳል፣ የሚያርፈውም መቶዎች ምናልባትም ሺ ኪሎሜትር ርቆ ነው። ልብ ብለህ ከሰማህ ድምፁ ቀረብ ራቅ ይላል አይደል? ያ ንብርብር አንድ ቦታ ረግቶ ስለማይቀመጥ ነው።

ኤፍኤም ግን ድግግሞሹ (ሞገዱ በሰከንድ የሚርገበገብበት ብዛት) 100 ሜጋኸርዝ አካባቢ፣ ከኤኤም እጅግ የሚበልጥ ስለሆነ ይሄ ሁሉ አይዘውም፣ ሰንጥቆ ወደ ጠፈር ይሄዳል። የሚደርስህ ከማሰራጫው ቀጥ ብሎ የመጣው ነው፣ ተራራ ከጋረደህ ወይ የምድር ጎብጠት ከመጣ አለቀ፣ አንቴናቸውን ጋራ አናት ላይ የሚተክሉት ለዚህ ነው። በምትኩ ጥራት አለው፦ ኤኤም ድምፁን የሚጭነው በሞገዱ ጉልበት ላይ ስለሆነ መብረቅም የመኪና ሞተርም ተጨምረውበት ይንጫጫሉ፣ ኤፍኤም ግን በድግግሞሹ ላይ ነው የሚጭነው፣ ስለዚህ ጫጫታው ብዙም አይነካውም። እኔን ከጠየቅከኝ ለዘፈን ኤፍኤም፣ ለሌሊት ጉርጎራ ኤኤም።

ጥያቄ፦ የስልኬ ኤፍኤም ያለ ኢርፎን ለምን አይሰራም?

መልስ፦ ገመዱ አንቴናው ስለሆነ ነዋ! የኤፍኤም ሞገድ ርዝመቱ ወደ 3 ሜትር ነው፣ በደንብ ለመያዝ ሩቡ፣ ማለትም 75 ሴንቲሜትር አካባቢ ሽቦ ይፈልጋል፣ ስልክህ ውስጥ ደግሞ ለዚህ ቦታ የለም። ስለዚህ ገመዱን ኪስህ ውስጥ አትጠቅልለው፣ ዘርጋው። ብሉቱዝ ኢርፎን እዚህ ጋ ዋጋ የለውም።