አሜሪካ ለመማር ለምታመለክቱ ልጆች፦ ከኤስኤቲ ውጤት በፊት የሚመጣው ጥያቄ

ውድ ልጆች፣

11ኛና 12ኛ ክፍል ሆናችሁ ስለ አሜሪካ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ስታስቡ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ስንት ኤስኤቲ (የአሜሪካ ኮሌጅ መግቢያ ፈተና ውጤት) ያስገባል?» የሚለውን ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን የሚቀድመው ሌላ አለ፦ ቤተሰባችሁ በዓመት ስንት ዶላር መክፈል ይችላል? በእነዚህ ትምህርት ቤቶች የዓመቱ ወጪ ከ80 ሺህ ዶላር ያልፋል፤ የአብዛኞቻችሁ መልስ ደግሞ «ምንም» ወይም «ጥቂት መቶ ዶላር» ነው። እንግዲህ ዕድላችሁን የሚያሰፋውም የሚያጠበውም በዋናነት ትምህርት ቤቱ የገንዘብ ድጋፍ ለሚጠይቅ የውጭ ተማሪ ያወጣው ደንብ ነው። ይህን ሳያጣራ ስም እያየ የሚያመለክት ልጅ ጥሩ ውጤት ይዞ ዓመቱን በከንቱ ያጣል።

ቁጥሩን በግልጽ እንየው። ሃርቫርድ በ2024 ለገባው ክፍል ከ54,008 አመልካቾች የተቀበለው 1,937 ብቻ ነው፤ ከመቶ አራት አይሞላም። ይህ አሜሪካውያኑን ጨምሮ የሁሉም አመልካች ስሌት ነው። ኤምአይቲ ከሚቀበለው ክፍል ለውጭ ዜጎች የሚይዘው ቦታ 10 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ አጠቃላይ የቅበላ ምጣኔው 4.5 በመቶ በነበረበት ዓመት የውጭ አመልካቾቹ ምጣኔ ወደ 2 በመቶ የሚጠጋ ነው። ስለዚህ ማንም «እርግጠኛ ነህ፣ ትገባለህ» ቢላችሁ አትመኑት፤ በተለይ ቃሉን በክፍያ የሚሸጥ ከሆነ።

በገንዘብ ደንባቸው ትምህርት ቤቶቹን በሦስት ከፍላችሁ አስቡ። አንደኛዎቹ ቤተሰባችሁ ድሃ ይሁን ሀብታም ሳያዩ ወስነው፣ ከተቀበሏችሁ በኋላ የጎደለውን በሙሉ የሚሸፍኑ ናቸው፦ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስት፣ ከ2022 ጀምሮ ዳርትመዝና ቦውደን፣ በቅርቡ ደግሞ ብራውንና ኖትር ዳም። ኒድ ብላይንድ የሚሏቸው እነዚህ ናቸው። ገንዘብ መጠየቃችሁ አይጎዳችሁም፤ በዚያው ልክ የዓለም ጎበዝ ድሃ ተማሪ ሁሉ የሚጎርፈው ወደነሱ ነው።

ሁለተኛዎቹ ስታንፎርድ፣ ኮሎምቢያ፣ ዱክ፣ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ፔንሲልቫኒያና ብዙዎቹ ሊበራል አርትስ ኮሌጆች (በመጀመሪያ ዲግሪ ላይ የሚያተኩሩ ትናንሽ ኮሌጆች) ናቸው። ከተቀበሏችሁ በቂ ገንዘብ ይሰጣሉ፤ ለውጭ ተማሪ የያዙት በጀት ግን የተወሰነ ስለሆነ ፋይላችሁ ከዚያ በጀት ጋር ተያይዞ ይታያል። በሌላው ሁሉ እኩል ከሆኑ ሁለት ልጆች መካከል ቤተሰቧ 20 ሺህ ዶላር መክፈል የሚችልላት ልትቀድም ትችላለች።

እዚህ ላይ ብዙ ልጅ የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ማመልከቻው «የገንዘብ ድጋፍ ትጠይቃለህ?» ሲል፣ የመግባት ዕድሌ ይጨምራል ብሎ «አልጠይቅም» የሚለውን ይመርጣል፤ ከገባሁ በኋላ ሁኔታዬን አይተው ይረዱኛል ብሎ ነው። አይረዱትም። በስታንፎርድና ደንቡ እንደሱ በሆነባቸው ትምህርት ቤቶች ሲያመለክት ያልጠየቀ የውጭ ተማሪ አራቱን ዓመት ሙሉ መጠየቅ አይችልም። ያ ልጅ የቅበላ ደብዳቤ በእጁ ይዞ ቤቱ ይቀራል። የምትፈልጉትን በእውነት ጻፉ፤ እንዲህ ከመቅረት ትምህርት ቤቱ ባይቀበላችሁ ይሻላል።

ሦስተኛዎቹን በአጭሩ፦ እንደ በርክሌይና ዩሲኤልኤ ያሉት የካሊፎርኒያ መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለውጭ ተማሪ በችግር ላይ የተመሠረተ ድጋፍ አይሰጡም። ከፋይ ከሌላችሁ የማመልከቻ ገንዘባችሁን እዚያ አትጣሉ።

ብዙ ትምህርት ቤቶች በጋራ የሚቀበሉት የኢንተርኔት ማመልከቻ ኮመን አፕ ይባላል፤ እስከ 20 ትምህርት ቤት ያስመዘግባል። ሃያውን ሁሉ መሙላት ግን ጥራቱን ይገድለዋል፤ አብዛኞቹ ተጨማሪ ጽሑፍ ይጠይቃሉና። እኔ የምመክረው ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ነው፦ ከኒድ ብላይንዶቹ ሁለት ወይም ሦስት፣ ከዚያ ለውጭ ተማሪ በልግስና ከሚሰጡ ሊበራል አርትስ ኮሌጆች አምስት ስድስት፣ ኬንታኪ ያለው ቤርያ ኮሌጅ፣ ከአሜሪካ ውጭ ደግሞ እንደ ኤንዋይዩ አቡ ዳቢ ያለ አንድ ወይም ሁለት። ቤርያ ከማንም ተማሪ የትምህርት ክፍያ አይቀበልም፤ ለሚቀበላቸው የውጭ ተማሪዎች በሙሉ የመጀመሪያውን ዓመት ምግብና መኝታ ጭምር ይሸፍናል። የሚቀበለው የውጭ ተማሪ ብዛት ግን በጣም ጥቂት ነው። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲውን የፒርሰን ስኮላርሺፕ ለምታስቡ፣ የሚያጨው ትምህርት ቤታችሁ ስለሆነ ርዕሰ መምህሩን ገና በመስከረም ማናገር አለባችሁ። ግሪኔል፣ ኮልቢ፣ ካርልተን፣ እንዲሁም የሴቶች ኮሌጆቹ ስሚዝና ዌልስሊ የማመልከቻ ክፍያ አይጠይቁም። ከሌሎቹ ብዙዎቹ ከ75 እስከ 90 ዶላር ገደማ ቢያስከፍሉም ኮመን አፕ ላይ የክፍያ ነፃነት መጠየቅ ይቻላል፤ የትምህርት ቤታችሁ ኃላፊ ያረጋግጥላችኋል።

አሁን ብዙ ትጉህ ልጅ ችላ ወደሚለው ነገር ልምጣ፤ ትምህርት ቤቱ ስለሚልካቸው ወረቀቶች። ቦስተን ተቀምጦ ፋይላችሁን የሚያነብ ሰው ትምህርት ቤታችሁን አያውቀውም። በ100 የሚታረም ትራንስክሪፕት ላይ 88 ሲያይ፣ በአሜሪካ ልማድ ቢ ፕላስ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። በትምህርት ቤቱ 88 ያመጣው አንድ ልጅ ብቻ መሆኑን ካልነገሩት በምን ያውቃል? ይህን የሚነግረው ስኩል ፕሮፋይል የሚባል አንድ ገጽ ወረቀት ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን የተዘጋጀ የለም፤ ስለዚህ መረጃውን ሰብስባችሁ ርዕሰ መምህሩ እንዲያዘጋጁት ለምኗቸው። የሚገቡበት ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ብዛት፣ በአንድ ክፍል ስንት ልጅ እንደሚማር፣ የማስተማሪያው ቋንቋ፣ የማለፊያው ነጥብ፣ የዓመቱ ከፍተኛ አማካይ ስንት እንደሆነና ከ90 በላይ ያመጡት ስንት እንደሆኑ፣ ቤተ ሙከራና ቤተ መጻሕፍት መኖር አለመኖሩ፣ የብሔራዊ ፈተና ውጤት። የመጨረሻው ላይ የአገሩንም ቁጥር ያስገቡ፤ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ እንደነበሩ የሚያውቅ አንባቢ ውጤታችሁን በሌላ ዓይን ያየዋል።

ካውንስለር (የተማሪዎች አማካሪ) የለንም ብላችሁ አትጨነቁ። የካውንስለሩን ቅጽ ርዕሰ መምህሩ፣ ምክትላቸው ወይም የዩኒት መሪው ሊሞሉት ይችላሉ፤ በራሳቸው ኢሜይል ይሁን እንጂ። ሁለት መምህራን ደግሞ የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፋሉ። «አንተው ጻፈውና እፈርምልሃለሁ» የሚሏችሁ መምህር ይኖራሉ፤ ክፉ አስበው ሳይሆን 60 ልጅ የሚማርበትን ክፍል አምስት ጊዜ ስለሚያስተምሩ ነው። እሺ አትበሉ። ሁለቱ ደብዳቤዎችና የእናንተ ጽሑፍ በአንድ እጅ የተጻፉ መሆናቸው ያስታውቃል፤ ከተደረሰበትም ቅበላው ሊሰረዝ ይችላል። ይልቅ አንድ ገጽ ማስታወሻ ስጧቸው፦ በእሳቸው ክፍል የሠራችሁትን ፕሮጀክት፣ የጠየቃችሁትን ከባድ ጥያቄ፣ ጓደኞቻችሁን ያስጠናችሁበትን ምዕራፍ አስታውሷቸው። «ጨዋና ታታሪ ነው» የሚል ደብዳቤ ለሁሉም ይጻፋል፤ «የፊዚክስ መሣሪያ ስላልነበረን ከተጣለ ሬዲዮ በፈታው ማግኔት ሙከራውን ለክፍሉ አሳየ» የሚለው ግን ለአንድ ልጅ ብቻ ነው።

ከትምህርት ውጭ የምትሠሩትን የምትዘረዝሩበት የኮመን አፕ የአክቲቪቲ ክፍልም እንዲሁ ነው። አሥር መስመር አለ፤ ለእያንዳንዱ መግለጫ 150 ፊደል ብቻ ይፈቀዳል፣ ክፍት ቦታውም ይቆጠራል። የክርክር ክበብና የሮቦት ውድድር የለኝም ብሎ ባዶ የሚተወው ልጅ ብዙ ነው። ቅጹ ግን የቤተሰብ ኃላፊነትንና የሚከፈልበትን ሥራ ራሱን የቻለ ዘርፍ አድርጎ ይጠይቃል። «ማኅበረሰቤን ለማገልገል ባለኝ ፍላጎት በተለያዩ ሥራዎች እሳተፋለሁ» ማለት ምንም አይነግርም። «በእናቴ ሱቅ በሳምንት 15 ሰዓት፤ የዱቤ መዝገብ እይዛለሁ፣ ዕቃ ከመርካቶ አመጣለሁ፣ ሁለት ታናናሾቼን አስጠናለሁ» ማለት ግን ሰው ያሳያል። ሰዓቱን አታጋንኑ፤ የሁሉም ድምር ከሳምንቱ ሰዓት ሲበልጥ አንባቢው ያየዋል።

ኤስኤቲ አሁን በኮምፒውተር ነው፤ 2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ይወስዳል፣ በስልክ አይሰጥም። ለውጭ ተማሪ ክፍያው ከ100 ዶላር ያልፋል፤ ነፃ ፈተና የሚፈቀደው ለአሜሪካ ተማሪዎች ነው። ቦታ ቶሎ ስለሚሞላ ምዝገባው እንደተከፈተ ያዙ። ሃርቫርድ፣ ኤምአይቲ፣ ብራውንና ዳርትመዝ ፈተና ወደማስገደድ ተመልሰዋል። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ከገቡት አብዛኞቹ ከ1500 በላይ ናቸው። ከዚያ በላይ ካላችሁ 20 ነጥብ ለመጨመር ሌላ ሦስት ወር አታጥፉ፤ ያን ጊዜ ለ650 ቃሉ ዋና ጽሑፍ ስጡት።

ስማችሁ ፓስፖርት፣ ትራንስክሪፕት፣ ኤስኤቲና ኮመን አፕ ላይ በአንድ ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፍ፤ የአባትንና የአያትን ስም ቅደም ተከተልም ፓስፖርቱን ተከተሉ። ፊደሉ ከተለያየ የፈተና ውጤቱ ከፋይላችሁ ጋር ላይገናኝ፣ «አልደረሰንም» የሚል ኢሜይልም ሊመጣ ይችላል። የልደት ቀንና የመመረቂያ ዓመት ሁሉ ወደ ፈረንጆቹ ይቀየር። የመጀመሪያው ዙር ማብቂያ በብዙዎቹ ኅዳር ወር ሳይገባ፣ ጥቅምት 22 ገደማ ነው፤ መደበኛው ታኅሣሥ 23 ገደማ። ብሔራዊ ፈተናው ከዚያ በኋላ ስለሚመጣ የምትልኩት የ9ኛ እስከ 11ኛ ክፍል ውጤትና የ12ኛን የመጀመሪያ መንፈቅ ነው። 12ኛን ጨርሳችሁ ቀጣዩን ዓመት ለማመልከቻ ብትሰጡም ይቻላል። ያን ጊዜ ግን የአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ፍሬሽማን ከጀመራችሁ በብዙ ትምህርት ቤቶች እንደ አዲስ ገቢ ሳይሆን እንደ ዝውውር ተማሪ ልትቆጠሩ ስለምትችሉ የየትምህርት ቤቱን ደንብ አስቀድማችሁ አንብቡ።

ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ ወይም ሌላ ቦታ በዲቪ ገብታችሁ ግሪን ካርድ የያዛችሁ ልጆች፣ ይህ ሁሉ ጥበት አይመለከታችሁም። እናንተ የውጭ ተማሪ አይደላችሁም፤ ፋፍሳ የሚባለውን የአሜሪካ መንግሥት የትምህርት ድጋፍ ቅጽ ትሞላላችሁ፣ እንደ ስታንፎርድና ኮሎምቢያ ያሉትም እንደ አሜሪካዊ ገንዘባችሁን ሳያዩ ይወስኑላችኋል። ከአገር ቤት የመጣ ምክር ሰምታችሁ «ኢንተርናሽናል» የሚለውን ሳጥን እንዳትሞሉ።

የገንዘብ ድጋፉ ቅጽ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል ይባላል። የመጀመሪያው ትምህርት ቤት 25 ዶላር፣ እያንዳንዱ ተጨማሪ 16 ዶላር ነው። ለውጭ ቤተሰብ ክፍያው በራሱ አይነሳም፤ ትምህርት ቤቱ የነፃ ኮድ ወይም ሌላ ቅጽ ይሰጥ እንደሆነ በኢሜይል ጠይቁ። ገቢውን በብር ጻፉት። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ሥርዓቱ ሲለወጥ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ 100ን አልፏልና፣ በድሮው ምንዛሬ ወደ ዶላር የቀየረ ልጅ የአባቱን ገቢ ሳያውቅ በእጥፍ ያሳድገዋል። የደመወዝ ደብዳቤ የሌለው ቤተሰብ የግብር ደረሰኝ ወይም ከቀበሌ የተጻፈ ማረጋገጫ ከትርጉሙ ጋር ያያይዝ።

የቅበላ ደብዳቤው ሲመጣ «ፉል» (ሙሉ ድጋፍ) የሚለውን ቃል ሳይሆን መስመሮቹን አንብቡ። የጤና ኢንሹራንስና የአውሮፕላን ትኬት ውስጡ አሉ? ከእናንተ በሥራ የሚጠበቀው ስንት ነው? በኤፍ ዋን የተማሪ ቪዛ ትምህርት ላይ እያላችሁ የሚፈቀደው የግቢ ሥራ በሳምንት 20 ሰዓት ብቻ ነው። ከጉዞ በፊት 350 ዶላር የሴቪስ (የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ ሥርዓት) እና 185 ዶላር የቪዛ ማመልከቻ ክፍያ አለ፤ ከፊሉን የሚመልሱ ትምህርት ቤቶች ስላሉ ጠይቁ። ሌላም አለ፦ ለመኝታና ለምግብ በሚሰጥ ስኮላርሺፕ ላይ የአሜሪካ መንግሥት ከውጭ ተማሪ 14 በመቶ ግብር ያስቀራል፤ ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት የላትም። ለመኝታና ለምግብ 20 ሺህ ዶላር ከተሰጣችሁ 2,800 ዶላር ከእናንተ ይጠበቃል ማለት ነው። ሚያዝያ 23 ላይ የሚያበቃውን የመያዣ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ትምህርት ቤቱ ይህን ግብር ይሸፍን እንደሆነ፣ መያዣውንም ያነሳላችሁ እንደሆነ ለገንዘብ ድጋፍ ቢሮው ጻፉና መልሱን በጽሑፍ ያዙ።