መልስ፦ ሚሞሪዬን ኮምፒውተር አላነብ አለኝ

ወንድሜ፣ የጥምቀት ፎቶ ያለበት ባለ 64 ጊጋ ሚሞሪህ ስልክህ ላይ እየሠራ ኮምፒውተር ላይ አልታይ አለኝ ብለሃል። አደራህን፣ ኮምፒውተሩ «ፎርማት ላድርገው?» ካለህ እሺ እንዳትል፣ በላዩ ያለውን ሁሉ ያጠፋብሃል! ስልኩ እስካነበበው ድረስ ፎቶዎቹ አሉ። ዛሬውኑ ስልኩን በኬብል አገናኝተህ ገልብጣቸው።

ከዚያ ካርድ ሪደሩን፣ ማለትም ሚሞሪውን ኮምፒውተር ላይ የምትሰካበትን ዕቃ፣ ጠርጥር። ብዙ አሮጌ ሪደሮች ከ32 ጊጋ በላይ አያነቡም። እኔም የእህቴን ሠርግ የያዘ ሚሞሪ እንዲሁ እምቢ ብሎኝ አንድ ሳምንት ተጨንቄ ነበር፤ ፒያሳ ወርጄ አዲስ ሪደር ገዝቼ ስሰካው ወዲያው ተከፈተ። የሚሞሪውን ወርቃማ ጥርሶችም እይ፤ ከጠቆሩ በእርሳስ ላጲስ ቀስ አድርገህ ጥረጋቸው፣ ፍርፋሪውንም አራግፍ።

አንድ ነገር ግን ንገረኝ፦ ካርዱን መጀመሪያ ስታስገባ ስልኩን «የውስጥ ማከማቻ አድርገው» ብለኸው ነበር? እንደዚያ ከሆነ ስልኩ ስለቆለፈው የትኛውም ኮምፒውተር አያነበውም፤ ያለው መንገድ ኬብሉ ብቻ ነው።

ካልሆነ ዊንዶውስ ላይ ዲስክ ማኔጅመንትን፣ ማለትም የተሰኩ ዲስኮችን የሚያሳየውን ፕሮግራም፣ ክፈት። ካርዱ እዚያ ከታየና እንደ E: ያለ መለያ ፊደል ከሌለው፣ ቀኝ ክሊክ አድርገህ ፊደል ስጠው። ያየኸውን ጻፍልኝ፣ ማታ እመለሳለሁ።