ሎጎውን ነጭ ገጽ ላይ ብቻ አትላኪው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽ የራሴን የመጀመሪያ ዓመታት ስላስታወሰኝ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። ለአንዲት ልብስ ሰፊ ሎጎ ሠርተሽ በነጭ ገጽ ላይ ላክሽላት፣ እሷም «ጥሩ ነው፣ ግን የሆነ ነገር ይጎድለዋል» አለችሽ፣ ምን እንደሚጎድለው ግን መናገር አልቻለችም። አሁን በነፃ የሚወርድ ሞክአፕ ላይ (ዲዛይኑ ከረጢት፣ ልብስ ወይም ካርድ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ዝግጁ ምስል ላይ) አድርገሽ ብታሳያት ፕሮፌሽናል ይመስል እንደሆነ፣ ነፃ መጠቀምስ ያስንቅ እንደሆነ ነው የጠየቅሽው። ቅዳሜ ደግሞ ቀጠሮ አላችሁ።

አያስንቅም። እኔ እስከ ዛሬ ለትንንሽ ንግዶች ካቀረብኳቸው ሥራዎች አብዛኞቹ የቀረቡት በነፃ ሞክአፕ ነው። «ይሄን ገዝተኸው ነው ወይስ በነፃ ያወረድከው?» ብሎ የጠየቀኝ ደንበኛ አንድም የለም። የሚያስንቀው ሌላ ነገር ነው፣ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ሴትዮዋ ምን እንደጎደላት እንይ። ነጭ ገጽ ላይ ያለ ሎጎ ለእኔና ላንቺ ሎጎ ነው። ዓይናችን ለምዶታል፣ ክፍተቱን፣ የፊደሉን ውፍረት፣ ሚዛኑን እናያለን። ለእሷ ግን ባዶ ገጽ መሃል የተቀመጠ ሥዕል ነው። እሷ የምታውቀው ልብስ ነው፤ አንገቱ ጋ የሚሰፋውን ሌብል፣ ደንበኛ ይዞት የሚወጣውን ከረጢት፣ ስልክ ላይ የምትለጥፈውን ፎቶ። ስለዚህ «የትኛው ሞክአፕ ያምራል?» ከማለትሽ በፊት «የእሷ ደንበኛ ይህን ስም መጀመሪያ የሚያየው የት ነው?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱ ሁለት ወይ ሦስት ቦታ ነው። እነዚያን ቦታዎች ብቻ አሳዪያት።

እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንሳሳተው። ነፃ ስለሆነ እናወርዳለን፣ እናወርዳለን፣ ከዚያ ሃያ ምስል እንደረድራለን። የቡና ስኒ፣ እስክሪብቶ፣ የመንገድ ዳር ትልቅ ቢልቦርድ፣ የመስታወት ሕንፃ ላይ የተሰቀለ ምልክት። ልብስ ሰፊዋ ቢልቦርድ የላትም፣ በቅርቡም አይኖራትም። ያንን ስታይ ልቧ ይሞቅ ይሆናል፣ ግን ውስጧ «ይሄ ስለኔ አይደለም» ይላታል። ሎጎ ለማን እንደተሠራ የሚታወቀው በሚቀመጥበት ነገር ነው።

አሠራሩን ታውቂው ይሆናል፣ ለሌሎችም ስለሚጠቅም ግን ባጭሩ ልጻፈው። አብዛኞቹ ነፃ ሞክአፖች ፒኤስዲ የሚባለው የፎቶሾፕ ፋይል ናቸው። ምስሉ የተሠራው በላይ በላይ በተደረቡ ሌየሮች (ንጣፎች) ነው፤ ከመሃላቸው ስማርት ኦብጀክት የሚባል ሌየር አለ፣ ወደ ፎቶሾፕ የገባው እ.ኤ.አ. በ2005 ሲኤስ2 ከሚባለው ቅጂው ጋር ነው። የሌየሩን ትንሽ ምስል ሁለቴ ስትጫኚው ሌላ ገጽ ይከፈታል፣ ዲዛይንሽን እዚያ አስገብተሽ ሴቭ ታደርጊያለሽ፣ ወደ ዋናው ፋይል ስትመለሺ ሎጎሽ ከከረጢቱ እጥፋትና ጥላ ጋር ተስማምቶ ታገኚዋለሽ። ፎቶሾፕ ከሌለሽ ፎቶፒያ የሚባለውን ፕሮግራም ተጠቀሚ። ብሮውዘር ላይ ይሠራል፣ ማስታወቂያ ከማሳየቱ በቀር ነፃ ነው፣ ፒኤስዲን ከነስማርት ኦብጀክቱ ይከፍታል። ፋይልሽም የሚሠራው እዚያው ኮምፒውተርሽ ላይ ነው እንጂ ወደ ሰርቨር አይላክም፣ ይህ ደግሞ የደንበኛ ሥራ ሲሆን ትልቅ ነገር ነው።

የተከፈተው ትንሽ ገጽ ከሎጎሽ ጋር በመጠን ካልገጠመ ሎጎውን አትለጥጪው። በስፋት ብቻ የተሳበ ክብ እንቁላል ይሆናል፣ ደንበኛዋ ምክንያቱን ባታውቅም ዓይኗን ይረብሻታል። ዙሪያውን አየር ተዪለት። ሎጎውን ደግሞ ከዋናው የቬክተር ፋይል፣ ቢያጎሉት ከማይደበዝዘው፣ አምጪው፣ ከቴሌግራም መልሰሽ ያወረድሽውን ምስል አታስገቢ። ቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከን ምስል ስለሚጨምቀው ጠርዙ ይደበዝዛል። የመጨረሻውን አቀራረብ ስትልኪላትም እንደ ፋይል ላኪው።

አሁን የደረሰብኝን ልንገርሽ። ሳሙና በእጇ የምትሠራ አንዲት ደንበኛ ነበረችኝ። ለማሸጊያ ሳጥኗ ዲዛይን ሠራሁና ጥቁር ሳጥን ላይ የወርቅ ፎይል፣ ማለትም የሚያብረቀርቅ ስስ ሽፋን፣ የታተመበት የሚመስል ነፃ ሞክአፕ አገኘሁ። እውነት ለመናገር በጣም ያምር ነበር፤ ብርሃኑ ከጎን መጥቶ ፊደሎቹ ጠርዝ ላይ ሲያብረቀርቅ ዓይን ይይዛል። አሳየኋት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። እዚያው ተስማማን፣ ፋይሉ ወደ ማተሚያ ቤት ሄደ፣ የታዘዘው ግን ተራ የባለአራት ቀለም ሕትመት ነበር፣ ምክንያቱም ፎይል ለብቻው የሚሠራ፣ የራሱ ቅርጽ ማውጫ የሚፈልግ ሌላ ሥራ ነው፣ እሷም ያንን አላዘዘችም፣ እኔም አልነገርኳትም። ሳጥኖቹ ሲመጡ ወርቁ የደረቀ ሰናፍጭ መስሎ ነበር። አንዱን ሳጥን አንስታ ወደ መስኮቱ ይዛ ሄደች፣ ወዲህና ወዲያ አዘነበለችው። የሚያብረቀርቅ ቦታ እየፈለገች እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አታሚው አላጠፋም፣ ሞክአፑም አላጠፋም። ሊሠራ የማይችል ነገር ቃል የገባሁት እኔ ነኝ፣ ያውም በቃል ሳይሆን በምስል። ከዚያ ወዲህ ፎይል፣ የተነቀሰ ወረቀት፣ ከፍ ብሎ የታተመ ፊደል የሚያሳይ ሞክአፕ አልነካም፣ ደንበኛው ያንን ለማሠራት ከወሰነ በቀር። የሚያስንቀው ይሄ ነው ያልኩሽ። ከነፃነቱ ጋር ምንም አያገናኘውም።

ቀለምም የዚሁ ጉዳይ ዘመድ ነው። ስክሪን የሚሠራው በብርሃን ነው፣ በአርጂቢ (ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ)። ወረቀት የሚሠራው በቀለም ነው፣ በሲኤምዋይኬ (በአራቱ የሕትመት ቀለሞች)። ደማቅ አረንጓዴ፣ ብርቱካናማና የሚያበራ ሰማያዊ ስክሪን ላይ ጎልተው ይታዩና ወረቀት ላይ ሲያርፉ ይደክማሉ። ሌላም አለ፣ ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ብዙ ሞክአፖች ከሌየሮቹ ሁሉ በላይ የቀለም ማስተካከያ ሌየር ይጭናሉ፣ ምስሉ ሞቅ ያለ የማለዳ ብርሃን እንዲመስል። ያ ሌየር የብራንዱንም ቀለም ይለውጠዋል። ንጹሕ ሰማያዊ ሰጥተሽው ወደ አረንጓዴ ያዘነበለ ይመልስልሻል። ከሌየሩ ስም ጎን ያለችውን የዓይን ምልክት ተጭነሽ አጥፊውና ልዩነቱን እዪ። ከሆነልሽ የጥላው ሌየር ብቻ ይቆይ፣ የቀለም ማስተካከያው እንደጠፋ ይሁን።

ስለ ፈቃድ። ነፃ ማለት እንዳሻሽ ማለት አይደለም። አንዳንዱ ፋይል ለግል ጥቅም ብቻ የተፈቀደ ነው፣ አንዳንዱ ለንግድም ይሆናል፣ አንዳንዱ ደግሞ የሠሪውን ስም እንድትጠቅሺ ይጠይቃል። ፍሪፒክ ከሚባለው ድረ ገጽ ለምሳሌ በነፃ ስታወርጂ ምንጩን መጥቀስ አለብሽ። ከዚፑ ውስጥ የምትወጣዋን ትንሽ የጽሑፍ ፋይል አንብቢያት፣ ሁለት ደቂቃ አትፈጅም። ለደንበኛ በግል ማሳየት አንድ ነገር ነው፣ እሷ ምስሉን ወስዳ ማስታወቂያ ማድረግ ሌላ ነው። የሳሙና ደንበኛዬ የሞክአፑን ፎቶ ገጿ ላይ «አዲሱ ማሸጊያችን» ብላ ለጥፋው ነበር፣ ሳጥኑ ገና ሳይታተም። ስለዚህ አሁን በእያንዳንዱ ምስል ግርጌ «ለማሳያ የተዘጋጀ» ብዬ በትንሹ እጽፋለሁ፣ በቃልም እናገራለሁ።

ከመላክሽ በፊት ምስሉን መቶ በመቶ አጉልተሽ ጥግ ጥጉን ተመልከቺ። የከረጢቱ ጎን ላይ የሞክአፑ ሠሪ ስም ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ቢዝነስ ካርዱ ጀርባ ላይ የማይታወቅ ሰው ስልክ ቁጥር ሊኖር ይችላል። እኔ አንድ ጊዜ «ሎጎዎን እዚህ ያስቀምጡ» የሚል ጽሑፍ ከኋላ ባለው ወረቀት ላይ ትቼ ልኬያለሁ፣ ደንበኛው ዲዛይኑን ትቶ ስለዚያ ጠየቀኝ። አንዲት የተረሳች መስመር የሳምንት ድካምሽን የተቀዳ ታስመስለዋለች።

ፍለጋ ስታደርጊ መጀመሪያ የሚመጣውን ሞክአፕ እለፊው። እሱን ሁሉም ሰው ተጠቅሞበታል። ደንበኞች ብዙ ዲዛይን ባያዩም ያቺን ባለገመድ ቡናማ ከረጢት አይተዋታል፣ «ይቺን የሆነ ቦታ አይቻታለሁ» ሲሉሽ ሎጎሽንም አብረው ይጠረጥሩታል።

ላንቺ ደንበኛ ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ መንገድ አለ። ራስሽ ሥሪው። እሷ የሰፋችውን አንድ ልብስ በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ፣ በስልክሽ ፎቶ አንሺው፣ አንገቱ ጋ ባዶ ነጭ ጨርቅ አስቀምጠሽ። ፎቶውን ፎቶፒያ ላይ ክፈቺ፣ ሎጎውን ከላዩ አምጪና መጀመሪያ ወደ ስማርት ኦብጀክት ቀይሪው፣ ኋላ ሐሳብሽን ብትቀይሪ ከመድገም ያድንሻል። ከዚያ ኮንትሮል ቲ፣ ኮንትሮልን እንደያዝሽ አራቱን ጥግ አንድ በአንድ እየጎተትሽ ከጨርቁ አቅጣጫ ጋር አስተካክዪው። የሌየሩን ብሌንድ ሞድ (ከሥሩ ካለው ምስል ጋር የሚዋሃድበትን መንገድ) መልቲፕላይ አድርጊ። የጨርቁ ክርና ጥላ በሎጎው ውስጥ አልፎ መታየት ይጀምራል፣ ያቺ ቅጽበት እስካሁን ደስ ትለኛለች። ጨርቁ ጥቁር ከሆነ መልቲፕላይ ይሰውረዋል፣ ያኔ ሎጎውን ነጭ አድርገሽ ስክሪን በሚባለው ብሌንድ ሞድ ሞክሪው። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። የራሷን ስፌት በምስሉ ውስጥ ስታይ ከየትኛውም የተገዛ ሞክአፕ በላይ ይነካታል።

ሌብሉን በተመለከተ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ሞክአፕ ላይ ሌብሉ ስክሪኑን ሞልቶ ነው የምታዪው፣ እውነተኛው ግን ምናልባት ሁለት ሳንቲ ሜትር ነው። የሚሸመን ሌብል ደግሞ ምስሉን የሚሠራው በክር ስለሆነ ቀጭን መስመርና ጥቃቅን ፊደል አይወጣለትም። ሎጎውን በእውነተኛው መጠን ወረቀት ላይ አትሚው፣ ቁረጪው፣ ልብሱ ላይ አስቀምጪው። ካልተነበበ ከስሩ ያለውን ትንሽ ጽሑፍ አስወግደሽ ለሌብል ብቻ የሚሆን ቀለል ያለ ቅጂ ሥሪ። ቢዝነስ ካርድም ከጨመርሽ በእውነተኛው መጠን ጀምሪ። በብዙ ቦታ የተለመደው 85 በ55 ሚሊ ሜትር ነው፣ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 1004 በ650 ፒክስል ገደማ ይሆናል፣ ለሕትመት ሲሄድ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ይጨመራል። ሞክአፑ ውስጥ ያለው ካርድ የሌላ አገር መጠን ከሆነ አቀማመጡ ይዛባል፣ ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ማተሚያ ቤት ሲደርስ ነው።

ለቅዳሜ እኔ ብሆን እንዲህ አደርገዋለሁ። አንድ ፒዲኤፍ፣ ገጹ 1920 በ1080 ፒክስል፣ በስልክ እንደምትከፍተው አስቢና ጽሑፉን ተለቅ አድርጊው። የመጀመሪያው ገጽ ሎጎው ብቻውን፣ ነጭ ላይ፣ ያለ ምንም ጌጥ። ይህን አትዝለዪው፣ ምክንያቱም ሞክአፕ ደካማ ሎጎን ይሸፍናል፣ አንቺም ራስሽን እንዳታታልዪ ነው። ቀጥሎ ጥቁርና ነጭ ቅጂው። ከዚያ ክብ ውስጥ የገባው ትንሹ ቅጂ፣ የፕሮፋይል ፎቶ ሆኖ፣ የእውነት የስልክ ስክሪንሹት ውስጥ በትክክለኛ መጠኑ። ቀጥሎ ሌብሉ በራሷ ልብስ ላይ። መጨረሻ ከረጢቱ፣ እሱን ከነፃዎቹ ሞክአፖች ውሰጂው፣ ከከረጢቱ ኋላ ያለው ቦታ ባዶ የሆነና ብርሃኑ ከሌብሉ ፎቶ ጋር በአንድ ወገን የሚመጣ ምረጪ። አንዱ ምስል ከግራ ሌላው ከቀኝ ሲበራ ሥራው ከየቦታው የተለቃቀመ ይመስላል።

ስታሳያት ደግሞ አትቸኩዪ። እያንዳንዱን ገጽ ከፍተሽ ዝም በይ። «ቆንጆ ነው አይደል?» አትበያት፣ እሺ ከማለት ሌላ አማራጭ አትሰጫትም። «ይሄ ልብስ ላይ ተሰፍቶ ብታዪው ያንቺ ይመስልሻል?» በያት። ያኔ ባለፈው ያልቻለችውን ትነግርሻለች፣ ፊደሉ ቀጠነ፣ ቀለሙ ከጨርቄ ጋር አይሄድም፣ ስሜ አይነበብም። ልብሱን ከእሷ ለመዋስ ግን እስከ ቅዳሜ አትጠብቂ፣ ዛሬ ደውዪላት። ፎቶውን አንስተሽ ጥጎቹ አልገጥም ካሉሽ ፒኤስዲውን በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ ማታ ማታ ኦንላይን ነኝ፣ አብረን እናየዋለን።