የተማሪዎች ባንድ ሥራ ለተቀበልከው ወንድም

«ሙዚቃ ማስተማር ጀምሬአለሁ፤ ትምህርት ቤቱ ለተማሪዎቹ ባንድ የአራት ደቂቃ ሥራ ጻፍልን አለኝ። ምን ልጠንቀቅ? ማስተማሩስ ድርሰቴን አይገድለውም ወይ?» ላልከው ወንድሜ። ሃርመኒውን ታውቀዋለህ ብዬ ዘልዬዋለሁ፤ ሰው የሚዋረደው እዚያ ላይ አይደለም።

1. መጀመሪያ ወረቀት። «አንተ የኛው ሰው አይደለህ? ምን ውል ያስፈልጋል?» ይሉሃል። እንዲያ ሲሉህ ነው የሚያስፈልገው። በብዙ አገር ሕግ ተቀጣሪ ለሥራው ብሎ የፈጠረው ነገር የአሠሪው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ድርሰቱ ከደመወዝህ ውጭ መሆኑን፣ መብቱ ያንተ ሆኖ ባንዱ የመጫወት ፈቃድ ብቻ እንደሚያገኝ፣ የመሣሪያዎቹን ዝርዝርና ፓርቶቹን (ለእያንዳንዱ መሣሪያ ለብቻው የሚወጣውን ኖታ) ማን እንደሚያሳትም አስጽፍ። ግማሹ ክፍያ ሲፈረም፣ ግማሹ ኖታው ሲረከብ። «ከኮንሰርቱ በኋላ» ካሉህ እንቢ በል፤ ኮንሰርት ይሰረዛል።

2. ኪ፣ ማለትም ሥራው የተመሠረተበት ስኬል። ጀማሪ ቫዮሊን ዲ ሜጀር ይመቸዋል፣ ክፍት ክሮቹ ያግዙታል። ክላርኔትና ሳክስፎን ግን የሚያነቡት ኖታና የሚወጣው ድምፅ ስለሚለያይ፣ ያው ዲ ሜጀር ለቢ ፍላት ክላርኔት አራት ሻርፕ፣ ለአልቶ ሳክስፎን አምስት ሻርፕ ይሆናል። ሁሉም ካሉህ ኤፍ ሜጀር ያስታርቃቸዋል፦ ክላርኔቱ በጂ፣ አልቶው በዲ ያነባል፤ ቫዮሊኑ አንድ ፍላት ቢችል ነው። ክላርኔቱን ደግሞ በሁለተኛው ክፍት ቦታ ካለው ኤ ወደ መካከለኛው መስመር ቢ በፍጥነት አታመላልሰው። ኤ ላይ ጣቶቹ ሁሉ ተነስተው አንድ ቁልፍ ብቻ ይጫናል፤ ቢ ላይ ቀዳዳዎቹ ሁሉ መዘጋት አለባቸው። አንዱ ጣት ትንሽ ከተንሸራተተ መሣሪያው ይጮሃል።

3. ፓርት። ገንዘብም ስምም የሚቃጠለው እዚህ ነው። ኮምፒውተሩ ሲያጫውተው ያማረ ሁሉ ልክ አይደለም፤ እዚያ ውስጥ የትራምፔት ከንፈር አይደክምም፣ የፍሉት ዝቅተኛ ድምፅም በብራስ አይዋጥም። ከዚያ የባሰው «ኮንሰርት ፒች» (ኖታውን ሁሉ በሚሰማው ድምፅ የሚያሳየው የሶፍትዌሩ ምርጫ) እንደበራ ፓርት ማተም ነው። ክላርኔቱ አንድ ሙሉ ድምፅ (ሁለት ግማሽ ድምፅ)፣ አልቶው ሜጀር ስድስተኛ (ዘጠኝ ግማሽ ድምፅ) ዝቅ ብሎ ይወጣል፤ አስተማሪው ልጆቹን ይቆጣል፣ ልጆቹ ግን የተጻፈላቸውን ነው የተጫወቱት። የልምምዱ ሰዓት እንዲህ ያልቃል።

ከማተምህ በፊት ስኮሩን (ሁሉንም መሣሪያ አንድ ላይ የያዘውን ኖታ) ዘግተህ እያንዳንዱን ፓርት ለብቻው እየዘፈንክ እለፍ። በደቂቃ 120 ምት፣ እያንዳንዱ ባር (በቋሚ መስመር የሚለየው የምት ክፍል) ባለ አራት ምት ከሆነ አራት ደቂቃህ 120 ባር ነው፤ የሁሉም ፓርት የመጨረሻ ባር ቁጥር 120 ካላለ አንዱ ጋ ባር ተውጧል ማለት ነው። የባር ቁጥር በየመስመሩ መጀመሪያ፣ የልምምድ ፊደል (ልምምድ ላይ «ከዚህ እንጀምር» የሚባልበት ምልክት) በየሐረጉ መነሻ ይግባ። ዕረፍቱ ከስምንት ባር ከበለጠ ከመግቢያው በፊት ሌላ መሣሪያ የሚጫወተውን በትንሽ ኖታ አሳየው፤ ተማሪ ቆጥሮ አይዘልቅም። ገጽ የሚገለጠው ዕረፍት ላይ ይሁን። የአምስቱ የኖታ መስመሮች ቁመት በአንድ ላይ 7 ሚሊ ሜትር አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ሁለት ልጆች አንድ ማቆሚያ እንደሚጋሩ አትርሳ። ወረቀት ለመቆጠብ ብሎ ኖታ የሚያጠብን ሰው አትስማ።

ማስተማር ድርሰት ይገድላል ለሚሉህ፣ እንግሊዛዊው የሙዚቃ ደራሲ ጉስታቭ ሆልስት ከ1905 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በአንድ የሴቶች ትምህርት ቤት አስተምሯል፤ በዋናነት ይጽፍ የነበረው ቅዳሜና እሁድ እንዲሁም በዕረፍት ጊዜ ነበር። የሚገድለው ክፍት ሰዓትን ሁሉ በግል ተማሪ መሙላት ነው። የመጻፊያ ሰዓትህን ከትምህርቱ በፊት፣ ጠዋት፣ ፕሮግራምህ ላይ አስገባ፤ ያን ሰዓት ለሚጠይቅ ወላጅ «ተይዟል» በል፣ ውሸት አይደለም። ለዚህኛው ሥራማ ክፍሉ ራሱ ይጠቅምሃል፦ የጻፍከውን ስምንት ባር በማግስቱ ለክላርኔቶቹ ስጣቸው፣ ሁለቴ አጫውታቸው። ሁለተኛውም ላይ እዚያው ቦታ ከተደናቀፉ ልጆቹን ትተህ ኖታውን ቀይር።